ብራንድ ልቀይር ወይስ ያለችኝን ልጠግን? ቢያንስ 10 ዓመት የምነዳው መኪና ላይ ምክራችሁን

ሦስተኛ ማርሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የአንድ ጃፓን ሠራሽ ብራንድ ደንበኛ ነኝ። አሁን የያዝኳት ሴዳን 240 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። የብራንዱን ስም አልጠራም፤ ክሩ የደጋፊዎች ጠብ ሆኖ እንዳይቀር።

ጣጣዋ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘይት መጠጣት ጀምራለች። በሁለት ሰርቪስ መሃል መጨመር ግድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ከ2 ወደ 3 ስትቀይር ያዝ ያደርጋትና ትመታለች። ሲሞቅ ይብስባታል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ቦዲዋ ንጹህ ነው፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ኤሲዋ ይሠራል።

ግን ልቤ ሸፍቷል። ኮሪያ ሠራሽ፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ሃይብሪድ፣ ሁሉንም እያየሁ ነው። የምገዛው ያገለገለ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ልነዳው እፈልጋለሁ።

ብራንድ መቀየር በረጅም ጊዜ ያዋጣል? ወይስ የማውቀውን ጣጣ በማላውቀው መለወጥ ነው? «ይሄን ግዛ» ብቻ ሳይሆን ለምን የሚለውንም ጨምሩልኝ። በተለይ የቀየራችሁ ሰዎች።

ነጭ ኮፈኖ፦
ቶዮታ። ክሩን መዝጋት ይቻላል።

ደብተር ያዥ፦
«ለምን የሚለውን ጨምሩ» ብሏል እኮ ወንድሜ።

ነጭ ኮፈኖ፦
ለምን? ቶዮታ ስለሆነ።

መፍቻ 13፦
ነጭ ኮፈኖ ልጄ፣ መልስህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ያከስራል።

ሰው የሚገዛው ብራንድ ነው። እኔ ጋ ጋራዥ የሚመጣው ግን ሞተርና ካምቢዮ ነው። ደንበኛ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዓመቱን፣ ሞተሩንና የካምቢዮውን ዓይነት ነው። አርማው ቀጥሎ ይመጣል።

ራሱን ቶዮታን እንውሰድ። 2.4 ሊትሩ 2 ኤዜድ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 በወጡ በርካታ ሞዴሎች ላይ ዘይት በመብላት ይታማል። ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እስከ መቀየር ደርሷል። በዚያው ዘመን የነበረው ትንሹ 1 ኤንዜድ ደግሞ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ሌላው ዕቃ ሁሉ አልቆ እሱ ይቀራል። ሁለቱም ላይ የተለጠፈው አርማ አንድ ነው።

ሀዩንዳይና ኪያም እንደዚሁ ናቸው። ቴታ 2 የሚባሉት 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተሮቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለእርማት ተጠርተዋል። ሲመረት የቀረ የብረት ብናኝ የዘይት መንገዱን ይዘጋና የቢዬላውን (ፒስቶኑን የሚይዘውን ዘንግ) ኩሽኔታ ያስበላል። ሞተሩ መጀመሪያ ያንኳኳል፣ ከዚያ ይነክሳል። የእነዚሁ ኩባንያዎች ትንንሽ ሞተሮች ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ሲሄዱ አይቻለሁ። ታዲያ «ኮሪያ ሠራሽ እንዴት ነው?» ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ልመልስልህ?

ሌላው ነገር፣ ብራንድ ቀየርኩ ብለህ ላትቀይር ትችላለህ። የጃፓኑ ጃትኮ የሚሠራው ሲቪቲ (እንደሌላው ቋሚ ማርሽ የሌለው) ካምቢዮ ኒሳን ውስጥም፣ ሚትሱቢሺ ውስጥም፣ ሱዙኪ ውስጥም አለ። የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ ቢኤምደብሊው ላይም ጂፕ ላይም ታገኘዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ቶዮታ ሱፕራ ኮፈኖውን ስትከፍተው የቢኤምደብሊው ሞተር ነው። ቶዮታ አፍሪካ ውስጥ ስታርሌት ብሎ የሚሸጠው ሱዙኪ ባሌኖ ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ያመረተው ኤክስ ክላስ የሚባል ፒክአፕ ደግሞ የተሠራው በኒሳን ናቫራ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ማርሽ፣ የምታያቸውን መኪናዎች ስም ሳይሆን የሞተር ኮድ፣ የካምቢዮ ኮድና የምርት ዓመት ጽፈህ ና። ያኔ እንነጋገራለን። የአዲስ ትውልድ የመጀመሪያ ዓመት ምርት ከሆነ ደግሞ ተወው። ሌላ ሰው ይሞክርልህ።

ነጭ ኮፈኖ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ ግን አልተስማማሁም። መለዋወጫው የትም ይገኛል። ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ሞተሩ ቢሞት እንኳ ሌላ ያገለገለ ሞተር አይጠፋም። ስሸጠውም ዋጋውን ይይዛል። ይሄ ሁሉ የሚመጣው ከአርማው ጋር ነው፣ ከሞተር ኮድ ጋር አይደለም።

መፍቻ 13፦
መለዋወጫው ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም።

ዋጋ መያዙ ላይ ግን ቆም በል። ሲሸጥ ዋጋውን የሚይዝ መኪና ሲገዛም በውድ ነው የሚገዛው። 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ታዋቂ መኪና በሚሸጥበት ዋጋ ብዙ ጊዜ 90 ሺህ የሄደ፣ ሰው ብዙም የማይሻማበት መኪና ይገኛል። ያንን ልዩነት ሂሳብህ ውስጥ ካላስገባህ የምትከፍለው ለስም ነው።

የማታ ፈረቃ፦
እኔ ቀይሬያለሁ። ከጃፓን ወደ ጀርመን። የኔንም ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልበል። መንገድ ላይ ያላት ጸጥታ፣ መቀመጫዋ፣ ኩርባ ላይ አያያዟ፣ ከድሮዋ ጋር አይወዳደርም። ረጅም መንገድ ነድቼ ስወርድ ወገቤን አያመኝም። መኪና ዕቃ ከቦታ ቦታ ማድረሻ ብቻ ነው የሚሉኝ ሰዎች አይገቡኝም።

አሁን ወደ ጣጣው። የሆነ ጊዜ ካቆምኩ በኋላ ከኮፈኖው በኩል ጣፈጥ ያለ ሽታ ይመጣ ጀመር። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የሙቀት መለኪያውም አልተነቃነቀም። መካኒኬ በባትሪ መብራት ቴርሞስታት ቤቱን አሳየኝ። ፕላስቲክ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ነገር ደርቆ ተጋግሯል። ኩላንት ትንሽ ትንሽ እየወጣ፣ በሞተሩ ሙቀት እየደረቀ የሚተወው ነው። ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ጠርዙ ተፈረፈረ። የዓመታት ሙቀት አድርቆታል።

ዕቃው ራሱ ያን ያህል ውድ አልነበረም። እሱ ጋ ለመድረስ ግን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ መውረድ ነበረበት። የከፈልኩት በአብዛኛው የእጅ ነው። ይሄን ነው ሰው የማይነግራችሁ። መለዋወጫው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ነገር ተፈትቶ ይደረስበታል ብላችሁ ጠይቁ።

ባትሪ ስቀይር ደግሞ አዲሱ በኮምፒውተር መመዝገብ ነበረበት። ካልተመዘገበ መኪናዋ አሮጌውን ባትሪ የምትሞላ መስሏት ትቀጥላለች። የሞተር ዘይትም «5 ደብሊው 30 ስጠኝ» ተብሎ ብቻ አይገዛም። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የአምራቹን የጥራት ቁጥር ማሟላት አለበት። ድሮ ይሄን ማን ይጠይቀኝ ነበር?

ታዲያ ጸጸተኝ? አልጸጸተኝም። ምክንያቱ አንድ ነው። ይሄን ብራንድ ብቻ የሚሠራ፣ ትክክለኛ ስካነርና ልዩ መፍቻዎች ያሉት መካኒክ ሳልገዛ በፊት አግኝቻለሁ። እሱ ባይኖር ሸጫት ነበር። መጀመሪያ መካኒክ፣ ከዚያ መኪና።

ኩሽኔታ፦
ደህና መካኒክ ያገኘ ሰው የትኛውንም ቢነዳ ይመቸዋል። ያላገኘ ሰው ኮሮላም ያስለቅሰዋል።

ደብተር ያዥ፦
እኔ መኪናዬ ላይ የማወጣትን ሁሉ እጽፋለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። ግን ሂሳቡ ብዙ ነገር ያሳያል።

ሰው ስለ ጥገና ብቻ ነው የሚያስበው። አዲስ ወይም ለአዲስ የቀረበ መኪና የገዛ ሰው ትልቁ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ ጥገና አይደለም፤ መኪናው በየዓመቱ የሚያጣው ዋጋ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው አይታይም። ሦስተኛ ማርሽ፣ ያንተ መኪና ያንን ኪሳራ ጨርሳለች። ከዚህ በኋላ የምታጣው ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካምቢዮ ማስጠገኛው ለምሳሌ የመኪናዋን ዋጋ ሩብ ይፈጃል እንበል። ሰው «ለአሮጌ መኪና ይሄን ሁሉ!» ይላል። ግን ማወዳደር ያለብህ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር አይደለም። እሷን ሸጠህ ሌላ ለመግዛት ከምትጨምረው ገንዘብ ጋር ነው። ያ ልዩነት ካምቢዮውንም፣ ሞተሩንም፣ የእግር ሥራውንም ከነጎሚኒና ቴስቲኒው አሠርቶ ሊተርፍ ይችላል።

ላይተርፍም ይችላል! ቦዲዋ ከበሰበሰ፣ ሻንሲዋ ከተነካ፣ ወይም ኤሌክትሪኳ በየቦታው ተቆራርጦ ከተቀጠለ እኔ አልጠግንም። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። ዝገት ግን ማለቂያ የለውም።

ለመግዛት ከወሰንክ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። ሰነድ የሌለው ያገለገለ መኪና ስትገዛ ምንም እንዳልተደረገለት ቁጠረው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ምናልባት ባትሪና ጎማ። ሻጩ «ሰርቪሱ ተሟልቷል» ይልሃል። ደረሰኝ ካላሳየህ አልተሟላም። እኔ ከመኪናው ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለመጀመሪያው ዓመት አስቀምጣለሁ። የኔ ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። ያንን ሳያስቀር ያለውን ሁሉ አውጥቶ የገዛ ሰው የመጀመሪያዋ ብልሽት ላይ መኪናውን ይረግማል። መኪናው ምን አደረገው?

አንድ ነገር ልጨምር። ከመግዛትህ በፊት የአምስት ዕቃ ዋጋ ጠይቅ። የፊት መብራት፣ ራዲያተር፣ ዲናሞ፣ የፊት አሞርዛቶር፣ የኤሲ ኮምፕረሰር። ለያዝካትም ለምትፈልጋትም ጠይቀህ ጎን ለጎን ጻፈው። በተለይ መብራቱ ያስደነግጥሃል። ድሮ አምፖል ቀይረህ ትሄድ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ኤልኢዲ መብራቶች ድፍን ናቸው፤ ሲበላሹ ሙሉው ነው የሚቀየረው።

ካቴና፦
ጥያቄ አለኝ። ታይሚንጉ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) የሚዞር ሞተር በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ከሚዞረው ይሻላል የሚባለው እውነት ነው? እኔ ቺንጋ ያለው አልገዛም ብዬ ወስኛለሁ።

መፍቻ 13፦
ስምህን አይቼ ገምቼ ነበር።

በጥቅሉ አዎ፣ ካቴና ቀጠሮ የለውም። የታይሚንግ ቺንጋ እንደ ሞተሩ ከ90 እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል፣ ወይም ዓመቱ ሲደርስ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ያገኛቸዋል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ስለዚህ ቺንጋ በቀጠሮ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ካቴና ደግሞ ዕዳውን ይደብቃል። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት ይረዝማል፣ መወጠሪያው ይደክማል። ጠዋት ስታስነሳው ለጥቂት ሰከንድ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማህ እሱ ሊሆን ይችላል። መቀየሩም ከቺንጋ ይወደዳል።

አንድ ዓይነት ግን እኔም እፈራለሁ። ቺንጋው ዘይት ውስጥ የሚዞርበት ሞተር። የመጀመሪያዎቹ ፎርድ ኢኮቡስት 1.0 ሊትር እና የፔጆና ሲትሮየን ፒዩርቴክ 1.2 ሊትር እንደዚያ ናቸው። ቺንጋው እያረጀ ይላላጣል። ልጣጩ የዘይት ፖምፓውን ማጥለያ ይዘጋዋል። የፒዩርቴኩ እናት ኩባንያ ስቴላንቲስ ለዚህ ችግር ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሟል። አዳዲሶቹ ላይ ሁለቱም ወደ ካቴና ዞረዋል። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ የትኛው እንደሆነ አጣራ።

ሰንጠረዥ፦
ማንም ያላነሳው ነገር። ሰው «በጥናት አንደኛ የወጣ ብራንድ» ሲል ጥናቱ ምን እንደለካ አያይም።

የአሜሪካው የጥናት ድርጅት ጄ.ዲ. ፓወር በየዓመቱ የሚያወጣው የአስተማማኝነት ጥናት የሚጠይቀው የ3 ዓመት መኪና ባለቤቶችን ነው። ውጤቱ በ100 መኪና ስንት ችግር ተነገረ የሚል ነው። የስልክ ግንኙነት መቆራረጥም አንድ ችግር ነው፣ የካምቢዮ መበላሸትም አንድ ችግር ነው። በቅርብ ዓመታት ብዙ ቅሬታ የሚሰበሰበው ስክሪኑና ተያያዥ ነገሮች ላይ ነው። 10 ዓመት ለመንዳት ለሚገዛ ሰው ይሄ ምን ይነግረዋል? ስክሪኑ ቢንቀራፈፍ ትስቃለህ። ካምቢዮው ቢንቀራፈፍ ታለቅሳለህ።

የጀርመኑ ቲዩፍ ሪፖርት ከምርመራ ጣቢያ ስለሚመጣና በዕድሜ የገፉ መኪናዎችንም ስለሚያካትት ለኔ ይሻላል። ግን እሱም የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ የእግር ሥራ፣ ጭስ፣ ዝገት ነው። ካምቢዮው ልብ ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ክፉ ቁጥር ያመጣል። ጥፋቱ የመኪናው ላይሆን ይችላል።

እኔ የማምነው በዚያው ሞተር ላይ 200 ሺህ ያለፉ ባለቤቶች የሚሉትን ነው። ሁሉም ስለ አንድ ዕቃ ካወሩ ያ ዕቃ ያንተንም ይጠብቅሃል።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ሆኗል፣ አመሰግናለሁ።

ጋሼ መፍቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኔን ዘይት መጠጣትና ካምቢዮ መጀመሪያ ላስመርምር ብዬ አሰብኩ። ከየት ልጀምር? አንዱ ጋራዥ ሳያይ «ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ሌላው ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ለዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም አለኝ።

መፍቻ 13፦
ሳያይ ሞተር ያወረደ ሰው ጋ አትመለስ።

ዘይቱን በቅደም ተከተል ያዘው፣ ከርካሹ ጀምረህ። መጀመሪያ በውጭ የሚያፈስ ነገር አለ ወይ? የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ ያልባል። ቀጥሎ ፒሲቪ ቫልቩን እይ። የሞተሩን ውስጥ ትንፋሽ የሚያወጣ ትንሽ ቫልቭ ነው። ተዘግቶ ሲቀር ወይም ሳይዘጋ ሲቀር ዘይት በአየር ማስገቢያው በኩል ይሄዳል። ርካሽ ነው። ስንት ሰው እሱን ሳያይ ፋሻ እንዳስቀየረ አትጠይቀኝ።

ከዚያ ጭሱን አስተውል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ አውጥቶ የሚተው ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ነው የምጠረጥረው። ነዳጅ ረግጠህ ስትወጣ በመስታወት የሚታይ ጭስ ከሆነ ፋሻው ነው። እርግጠኛ ለመሆን ኮምፕረሽን (የየሲሊንደሩን ግፊት) አስለካ። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ደስ ይበልህ። ግን ኮምፕረሽን ጥሩ ሆኖ የዘይት ፋሻዎቹ ብቻ በጥላሸት የተያዙበት ሞተርም አለ፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትፍረድ።

ዕድሜ ልክ የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ነገር ያበሳጨኛል። የማን ዕድሜ? ቅድም ያነሳሁትን ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ የሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ ዘይቱ ከ80 እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። ያንኑ ካምቢዮ የገጠመው መኪና አምራች ግን መመሪያው ላይ አይነካም ብሎ ይጽፋል። ለመጀመሪያው ገዢ የጥገና ወጪው ትንሽ መስሎ ይታያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዢ ይከፍላል።

ያንተን አስቀድመህ በስካነር አስነብብ። ሶሌኖይድ (የካምቢዮውን ዘይት የሚቆጣጠር ኤሌክትሪክ ቫልቭ) ሊሆን ይችላል። የሞተርና የካምቢዮ ጎሚኒዎችም ሲያልቁ ምት ይሰጣሉ፣ እነሱን አስፈትሽ። ከዚያ ዘይቱን እይ። ቀለሙ ጠቁሮ ሽታው ካልተቃጠለ፣ የታችኛው ገንዳ ማግኔት ላይ ደቃቅ ጭቃ ብቻ ካለ፣ አፍስሰህ በትክክለኛው ዘይት ሙላ። ጥቂት ነድተህ ድገመው። በግፊት የሚያጥብ ማሽን ላይ እንዳታስገባው። የተቃጠለ ከሸተተ ወይም የብረት ስንጣሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም፤ ለጥገናው ተዘጋጅ።

የኋላ ወንበር፦
ስለ ሃይብሪድ ማንም መልስ አልሰጠውም፣ እኔ ልሞክር። ብዙ ጊዜዬን እነሱ ላይ ነው ያሳለፍኩት።

ሰው የሚፈራው ባትሪውን ነው። ቶዮታ ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው ጃፓን ውስጥ የወጣው፣ ቴክኖሎጂው የትናንት አይደለም። የዚያ ዓይነት ሃይብሪድ «ሲቪቲ አለው» ቢባልም እንደ ሌሎቹ በብረት ቺንጋ የሚሠራ አይደለም። ቋሚ ጥርሶችና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ሞተሪኖ የለውም። ዲናሞ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ላይ የውሃ ፖምፓውም በኤሌክትሪክ ሆኗልና ከፊት የሚዞር ቺንጋም የለውም። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስ የፍሬን ሸራ ሲበዛ ይቆያል።

ያ ማለት ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ከኋላ ወንበር ጎን የባትሪው አየር ማስገቢያ አለ። አቧራና የእንስሳ ፀጉር ይሞላዋል። ፋኑ ሲታፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ቶሎ ያረጃል። ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ግን የሚያጸዳው ሰው ጥቂት ነው። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ የሚመልሰው ኢጂአር መስመር በጥላሸት ሲዘጋ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚበላበት ታሪክ በተደጋጋሚ ይነሳል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንቀጠቀጥና ኩላንት የሚጎድለው ከሆነ ጥለኸው ሂድ።

ስትገዛ የባትሪውን ክፍሎች ቮልት አንድ በአንድ በስካነር አስነብብ። ቆሞ ሳይሆን እየተነዳ። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ተለይቶ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ደክሟል።

ካቴና፦
ሙሉ ኤሌክትሪኩስ? ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ካቴናም የለ።

የኋላ ወንበር፦
ለአንተ ከባድ ይሆናል።

ቀልዱን ትተን፣ ጥሩ ነው፤ ግን ጥያቄው ወደ ባትሪው ይሄዳል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። 10 ዓመት መንዳት የሚፈልግና ያገለገለ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ዕድሜ ከዋስትናው ውጭ ነው የሚነዳው። ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን አረጋግጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ሙቀት ባለበት አካባቢ አቅሙ ቶሎ ወርዷል። ጎማም አስብ። ስለሚከብዱ ቶሎ ይበላሉ።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ተመልሻለሁ።

ፒሲቪ ቫልቩ ተነክሶ ነበር፣ ተቀየረ። ኮምፕረሽኑ በአራቱም ተቀራራቢ ነው። የካምቢዮው ዘይት ጥቁር ነው፣ ግን አልተቃጠለም። ማግኔቱ ላይ ጭቃ እንጂ ስንጣሪ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አፍስሰን ሞላነው። ምቱ ቀንሷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ሶሌኖይድ እንጠረጥራለን። የዘይቱን ነገር ገና እየተከታተልኩ ነው።

ደብተር ያዥ ባለው መንገድ ሂሳቡን ሠራሁ። ሶሌኖይዱ ቢቀየር እንኳ ለመቀየር ከምጨምረው ገንዘብ አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ ለጊዜው አልሸጥም። ግን ሃይብሪዱ ከልቤ አልወጣም። የሰነድ ሁኔታው የተሟላ አንድ አይቻለሁ። ባልገዛውም ሄጄ ላየው ነው። ምን ልያዝ?

የማታ ፈረቃ፦
«ባልገዛውም» ብሎ የሄደ ሰው ሁሉ ይገዛል። ስካነር ያለው መካኒክ ይዘህ ሂድ።

መፍቻ 13፦
ሻጩን አስቀድመህ «ሞተሩን እንዳታስነሳብኝ» በለው። ስትደርስ ኮፈኖው ላይ እጅህን አሳርፍ። ሞቆ ከጠበቀህ ሻይ ጠጥተህ አትጠብቅ፣ ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዝ። የጠዋት ንቅጥቅጡም፣ ሰማያዊ ጭሱም፣ የካቴናው ድምፅም የሚሰማው በቀዝቃዛ ሞተር ነው።

የኩላንቱን ክዳን ከፍተህ እየው፣ ያኔ ቀዝቃዛ ስለሆነ አያቃጥልህም። ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ እዚያው ተሰናበት። የባትሪውን አየር ማስገቢያ በስልክህ መብራት እይ። ከዚያ ንዳው፤ ዳገት ላይም፣ ፈጣን መንገድ ላይም። ስካነሩ እየተነበበ። ሰነዱን ስታይ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ከአንዱ ሰርቪስ ወደ ሌላው እየጨመረ መሄዱን ተከተል፤ ወደኋላ የተመለሰ ቁጥር አጋጥሞኛል።

የሞተር ኮዱን ደግሞ እዚህ ጻፍልኝ። እስካሁን አልጻፍክም።

ሦስተኛ ማርሽ፦
2 ዜድአር ኤፍኤክስኢ፣ እ.ኤ.አ. የ2013።

የኋላ ወንበር፦
ያልኩህ ሦስተኛው ትውልድ ነው። የኢጂአር ማቀዝቀዣው ጸድቶ የሚያውቅ ከሆነ ደረሰኙን ጠይቅ። ጸድቶ የማያውቅ ከሆነ ማጽጃውን ከዋጋው ላይ አስቀንስና በመጀመሪያው ሳምንት አስጸዳው።